የያምሮት አነሳስ

ያምሮት ሦስት ዓመት ሙሉ የተሸነፈችው መጨረሻው ላይ ሳይሆን መጀመሪያው ላይ ነበር። ይህን ግን ከእሷ በቀር ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ተመልካች የሚያየው መድረሻውን ነው፤ መድረሻው ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ወንዳወቅ ቀድሟት ይገኛል።

ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ሁለት የዘር ብዜት እርሻዎች ጎን ለጎን ነበሩ። ያምሮት የታችኛው እርሻ የሰብል ባለሙያ ናት፤ ወንዳወቅ ደግሞ የላይኛው እርሻ ተቆጣጣሪ። ማሳው በእግር ተዞሮ ስለማያልቅ ሁለቱም የሚንቀሳቀሱት በባለ አራት ጎማ ሞተር ነው። በየዓመቱ ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው እሑድ፣ በቆሎው ተሰብስቦ ሜዳው ሲጠረግ፣ የሁለቱ እርሻ ሠራተኞች መጀመሪያ የፈረስ ጉግስ ያያሉ፤ ከዚያም እነዚህን ሞተሮች በሦስት መቶ ሜትር ሜዳ ላይ ያሽቀዳድማሉ። ጨዋታው እየታወቀ ሄዶ ከቡሬ ብቻ ሳይሆን ከፍኖተ ሰላምም ሰው ይመጣ ጀመር። ባጃጅ ነጂዎች ለዚያ ቀን ሥራቸውን ይተዋሉ።

የወንዳወቅ ሞተር ባለ ማርሽ ነው። የያምሮት አውቶማቲክ ነው። ፍሪሲዮን የለውም፤ ማርሽ አይቀየርለትም፤ በቀኝ አውራ ጣት ነዳጅ ሲሰጡት ይሄዳል፣ ሲለቁት ይቆማል። ሠራተኞቹ «የሽማግሌ በቅሎ» ብለው ስም አውጥተውለታል። ባንዲራው ወርዶ ወንዳወቅ ሲወነጨፍ የእሷ ሞተር ያጓራል፣ ትንሽ ያመነታል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚነሳው። ከሜዳው እኩሌታ በኋላ እያሳደደች ትደርስበታለች። ይሁን እንጂ ልትቀድመው ስትል ሜዳው ያልቃል።

በ2002 ዓ.ም. እንደዚሁ ከተሸነፈች በኋላ ሻይ ቤት ተሰብስበው ሳለ ወንዳወቅ ጨዋታ አመጣ።

«እኔ ሦስተኛ ማርሽ ሳስገባ የያምሮት ሞተር ገና ውዳሴ ማርያም እየደገመ ነበር» አለ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ያምሮትም ሳቀች፤ ወንዳወቅ ክፉ ሰው አልነበረም። ቤቷ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ ግን ሳቁ መረራት።

በዚያው ዘመን እናቷ እታለም ሽንዲ ላይ የናፍጣ ወፍጮ ነበራት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያንን ወፍጮ ራሷ አስነስታ፣ ራሷ ፈትታ፣ ራሷ ገጥማ ልጇን ዩኒቨርሲቲ አድርሳበታለች። ያምሮት ተማሪ ሳለች እናቷ ዱቄት እንደ ለበሰች ትምህርት ቤት ስትመጣ ታፍር ነበር። ያንን ማፈሯን ካደገች ወዲህ ስታስበው ይከነክናታል፤ ለእናቷ ግን አንድም ቀን ነግራት አታውቅም።

በ2003 ኅዳር ላይ ያምሮት የገበሬዎችን የዘር ማሳ ልትጎበኝ በሞተሯ ወደ ሽንዲ ሄደች። ወፍጮ ቤቱ ያለው ዳገት ላይ ነው። ዳገቱን ወጥታ ስትደርስ እናቷ በር ላይ ቆማ ጆሮዋን አዘንብላ ትጠብቃታለች። ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ፣

«ቺንጋው ይንሸራተታል» አለቻት።

«የቱ ቺንጋ፣ እማ? ይኼ እኮ ወፍጮ አይደለም።»

«ቺንጋ የለውም?»

ያምሮት አሰበች። ከሞተሩ ጋር በመጣው መጽሐፍ ላይ ሥዕሉን አይታዋለች። በጎን በኩል ባለው ክዳን ውስጥ ሁለት ፑሊዎች አሉ፤ የሞተሩን ጉልበት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርሰው አንድ ሰፊ የጎማ ቺንጋ ነው።

«አለው» አለች።

«እንግዲያውስ ወፍጮ ነው» አለች እታለም፤ መፍቻ ልታመጣ ገባች።

ክዳኑን ሲከፍቱት ጥቁር ብናኝ እንደ ጥላሸት ረገፈ። እታለም ቺንጋውን በሁለት ጣቷ ይዛ ጎኑን ደባበሰችው። እንደ ተወለወለ ጫማ ያብለጨልጫል።

«ይኼ ተቃጥሏል። ስፋቱም አልቋል። ፑሊው ይዞ ሊጎትተው ሲል ያመልጠዋል። ሞተርሽ ቆም የሚለው ለዚህ ነው፤ ሰንፎ አይደለም።»

ፑሊዎቹን በብርጭቆ ወረቀት አሽታ በደረቅ ጨርቅ ጠረገቻቸው። ያምሮት ዘይት ላቀብልሽ ስትላት እጇን መታ አደረገቻት። «ቺንጋ አጠገብ ዘይት አይደርስም። የሚይዘው ደረቅ ሲሆን ነው።» በማግሥቱ ያምሮት ከእርሻው መጋዘን አዲስ ቺንጋ አስወጥታ ገጠመችው። ሞተሩ እንደ ሌላ ሞተር ሆነ።

ያኔ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ቀጣዩ ቅዳሜ እታለም ወፍጮውን ዘግታ በሚኒባስ እርሻው ድረስ መጣች። ከአውድማው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ያምሮት ልታሳያት ብላ በቆመችበት ነዳጁን ባንዴ እስከ መጨረሻው ገፋችው። የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተነሡ። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲያዘነብል እሷ ተንሸራትታ በክርኗ ወደቀች። አውራ ጣቷ ስለለቀቀው ሞተሩ ጥቂት ሄዶ ቆመ።

እታለም አልሮጠችም። ቀስ ብላ መጥታ እጇን ሰጥታ አነሣቻት፤ ክርኗን አገላብጣ አየችላት፤ አጥንት እንዳልተነካ አረጋገጠች።

«ጆንያውን ባንዴ ገለበጥሽበት» አለች። «ወፍጮ ሲነሣ ምን አደርግ ነበር? ረሳሽው?»

«መጀመሪያ ድንጋዩ ይዞራል» አለች ያምሮት አቧራዋን እያራገፈች። «ከዚያ እፍኝ እህል ታሳልፊያለሽ። ድምፁ ሲደላደል መውረጃውን ትከፍቺዋለሽ።»

«እሱኑ አድርጊዋ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቅዳሜው ይኸንኑ ሠሩ። ያምሮት በግራ እጇ ፍሬኑን ትይዛለች፤ በአውራ ጣቷ ነዳጁን በጥቂቱ ትገፋለች። ቺንጋው ፑሊውን ቆንጠጥ ሲያደርግ ሞተሩ ኋላውን ዝቅ አድርጎ ይወጠራል፤ ሊነሣ እንደሚል በሬ ከሥሯ ይሰማታል። ያኔ ፍሬኑን ትለቃለች፤ ነዳጁን እስከ እኩሌታው፤ አሥር እርምጃ ያህል ስትሄድ ደግሞ እስከ መጨረሻው። ደረቷን መሪው ላይ ዘንበል ስታደርግ የፊት ጎማዎቹ መሬት አይለቁም። የኋላ ጎማዎቹ እየዞሩ አፈር ብቻ ሲቆፍሩ ጊዜ ጥቂት ነፋስ አስወጣችላቸውና መሬቱን ጨበጡ።

ከሁሉ የከበዳት መታገሥ ነበር። እታለም አንድ ነገር አጥብቃ ታስጠነቅቃታለች። «በፍሬን ይዘሽ ነዳጅ ስትሰጪው ቺንጋው ይግላል። አንድ ትንፋሽ ነው የምትይዢው። ከዚያ ካለፈ ተይው፤ ከፈለግሽ እንደገና ትጀምሪዋለሽ። ሰው ቸኩሎ ነው ወፍጮ የሚያቃጥል።»

እታለም መነሻው ላይ ቆማ እስከ ሦስት ትቆጥርና ሞተሩ የደረሰበትን በእርምጃ ትለካለች። በመጀመሪያው ቅዳሜ አሥራ አንድ እርምጃ ነበር። ለገና ሰሞን አሥራ ዘጠኝ ደረሰ። እናት ቁጥሩን ስትናገር ፊቷ ላይ ምንም አይታይም ነበር፤ ግን ሁለት ጊዜ ትለካዋለች።

የውድድሩ እሑድ ሜዳው ሰው በሰው ሆነ። ፈረሰኞቹ ጨርሰው ፈረሶቻቸውን ጥላ ሥር አሰሩ። ባንዲራ የሚያወርዱት አያ እጅጉ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሁለቱ ሞተሮች ለመጨረሻው ውድድር በመነሻው ላይ ተሰለፉ። ወንዳወቅ የራስ ቁሩን እያጠለቀ፣

«ዛሬስ ጸሎቱን በጊዜ አድርሰሽ መጥተሻል?» አላት።

«ቅዳሴው ሳይቀር» አለች ያምሮት።

አያ እጅጉ ባንዲራውን አነሡ። ያምሮት ባንዲራውን አላየችም። ባለፉት ዓመታት ልብ ያለችው ነገር አለ፤ ባንዲራው ከመውረዱ በፊት የሽማግሌው ትከሻ ዝቅ ይላል። ዓይኗን ትከሻቸው ላይ ተክላ ፍሬኑን ያዘች፤ ነዳጁን ገፋ አደረገችው። ሞተሩ ተወጠረ።

በዚህ መሐል አንድ ፈረስ ገመዱን በጥሶ ሜዳውን አቋረጠ። አያ እጅጉ ባንዲራውን እንዳነሡ ቀሩ። ወንዳወቅ እንደ ተዘጋጀ ሞተሩን ያስጮኸዋል። ሰውም ይጮኻል። ያምሮት ትንፋሿ ማለቁን አወቀች። እንዲህ እንደ ያዘች ብትቆይ ቺንጋው ይቃጠላል፤ ብትለቀው ደግሞ ባንዲራው በዚያችው ቅጽበት ቢወርድ ቆማ ትቀራለች። ለቀቀችው። ሞተሩ ጸጥ ብሎ ተንተከተከ። ከሰው መሐል አንዱ «ተስፋ ቆረጠች» ሲል ሰማችው።

ፈረሱ ተያዘ። አያ እጅጉ ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። ያምሮት እንደገና ጀመረች፤ ፍሬን፣ ጥቂት ነዳጅ፣ ውጥረቱ። የሽማግሌው ትከሻ ዝቅ አለ።

ፍሬኑን ስትለቅ ሞተሩ አላመነታም። ከሥሯ ተምዘግዝጎ ወጣ። ደረቷን መሪው ላይ ጥላ በልቧ አሥር እርምጃ ቆጠረችና አውራ ጣቷን እስከ መጨረሻው ገፋች። ከፊቷ ባዶ ሜዳ ብቻ ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ የወንዳወቅን ጀርባ ሳታይ ስትነዳ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ሜዳው ይህን ያህል ሰፊ መሆኑን አታውቅም ነበር። ሁለት መቶ ሜትር ላይ የወንዳወቅ ሞተር ድምፅ ወደ ቀኝ ጆሮዋ እየቀረበ መጣ። ዞር አላለችም። መስመሩን ስታልፍ የእሱ የፊት ጎማ ከእሷ የኋላ ጎማ ጋር ትይዩ ነበር።

ወንዳወቅ ወርዶ የራስ ቁሩን በእጁ ይዞ መጣ። ሞተሯን ዙሪያውን አየው።

«ምን አድርገሽው ነው?»

«እኔን ሳይሆን እናቴን ጠይቃት» ብላ በእጇ አሳየችው።

ወንዳወቅ ሰዉን እየከፈለ ሄዶ እታለም ፊት ጎንበስ አለ። «እማማ፣ ሞተሩን ምን አድርገውት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ» አለች እታለም። «እኔ የማውቀው ወፍጮ ነው። ትንሽ ማስነሣት ነው የረዳኋት።»

ወንዳወቅ የነገሩ ወርቅ ገብቶት ፈገግ አለ። «አነሣሥማ አነሡብኝ» አላት። ቀጥሎም ቅዳሜ የእሱንም ሞተር ድምፅ እንድትሰማለት ለመናት፤ እሷም ወፍጮ ቤት ድረስ ካመጣው እንደማትጠላ ነገረችው።

ከአጠገባቸው የቆሙ የእርሻው ሴቶች እታለምን «እስቲ እርስዎም ይንዱትና እንይዎት» አሏት። እንደ ቀልድ ነበር። እታለም ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች፤ የልጇን የራስ ቁር ተቀብላ ሻሿ ላይ አጠለቀች፤ ሞተሩ ላይ ወጣች። ያምሮት ልታሳያት ስትጠጋ እናቷ በዓይኗ መለሰቻት። ፍሬኑን ያዘች። ነዳጁን በጥቂቱ ገፋች። ጆሮዋን አዘንብላ አንድ ትንፋሽ ያህል ሰማችውና ለቀቀችው።

ሞተሩ ሳያመነታ ተነሣ። እናት ደረቷን ዘንበል አድርጋ፣ የነጠላዋ ጫፍ ከኋላዋ እየተውለበለበ፣ በሜዳው መሐል ሄደች። እልልታው ከዳር እስከ ዳር ተያያዘ።

ከፍኖተ ሰላም የመጣ አንድ ባጃጅ ነጂ ወደ ያምሮት ጠጋ ብሎ፣ «እኒህ ሴትዮ የማን እናት ናቸው?» አላት።

«የእኔ ናት» አለች ያምሮት። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ያልጠየቃትም ሁሉ እንዲሰማ፣ «የሽንዲዋ ባለ ወፍጮ፣ እታለም» አለች።