አንሺ፣ ከዚያ እዪ

ባሏ በሄደ በዓመቱ ልቧ በአንዲት አረንጓዴ ነጥብ ላይ ተንጠለጠለ። ምን ታድርግ! የቤተ ሙከራው አለቃ፣ «ሁለቱ ፕሮቲኖች ሕይወት ባለው እርሾ ውስጥ ሲገናኙ በፎቶ አሳዪኝ እንጂ ባልሽን ወደ ሥራ ቦታው እመልሰዋለሁ» ብሏታል።

ሥራውን የጀመሩት አብረው ነው። አረንጓዴ የሚያበራ አንድ ፕሮቲን ለሁለት ከፈሉ፤ ግማሹን እሱ በአንደኛው ፕሮቲን ላይ፣ ግማሹን እሷ በሌላኛው ላይ ቀጠሉ። ለየብቻ ጨለማ ናቸው። ከተገናኙ ግን ግማሾቹ ተጣብቀው ያበራሉ፤ አንዴ ከተጣበቁም አይላቀቁም። ከዚያ የእሱ ቦታ ታጠፈና እንጀራ ፍለጋ ሩቅ አገር ሄደ። ነጭ ጋውኑ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ቀረ። ሰው ሳያያት ታሸተዋለች። ጠረኑ ከለቀቀ ቆይቷል፤ ቢሆንም ታሸተዋለች።

ባልደረቦቿ «እርሾ» ነው የሚሏት። «እርሾ፣ ዛሬስ ኩፍ አለልሽ?» ይሏታል ባለፉ ባገደሙ ቁጥር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የክፍሉን መብራት አጥፍታ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች። ጨለማ፣ አሁንም ጨለማ። ከዚያ በአንዲት ሕዋስ ጥግ አረንጓዴ ነጥብ ቦግ አለች!

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጆች!»

ፎቶ የማንሳቱ ሕግ አንድ ነው፤ ያስተማራትም ባሏ ራሱ ነው፤ «አንሺ፣ ከዚያ እዪ።» የማይክሮስኮፑ ብርሃን ነጥቧን የሚያሳየውም እሱ፣ ሲቆይባት የሚያጠፋትም እሱ ነዋ። የእሷ ዓይን ግን አልጠግብ አለ። ተገናኙ እኮ! የእሱና የእሷ! ጣቷ የካሜራው ቁልፍ ላይ እንዳለ አየች፣ አየች፤ እንባዋ ጋረዳት። ጠራርጋ ስትመለስ ነጥቧ ፈዛ ፈዛ ጠፍታለች። ወይ ነዶ! ሌላ የሚያበራ ሕዋስ ብትፈልግ አንድም የለም።

«ልጄ፣ ያላነሳሽውን ምን ብዬ ልቀበል? የሰጠሁሽ ጊዜም አልቋል» አለ አለቃው። እሱስ ምን ያድርግ።

ሆድ ብሷት ለባሏ ደወለች። «አየኋት። ሳላነሳት ጠፋች። በእኔ የተነሳ መምጣትህ ቀረ።»

«አዬ አንቺ! ድሮስ ዓይንሽ መቼ ይጠግባል» አለና ሊያስቃት ሞከረ። እምቢ ስትለው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለመሆኑ ተለያዩ እንዴ?»

«የምን መለያየት! የጠፋው ብርሃኑ ነው። እነሱማ እንደተያያዙ ናቸው።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«እኔ መች ለእነሱ አለቀስኩ» አለችው።