ዛፍ ላይ ያልወጣው ሰው

«የዛፉን ንገራቸው እንጂ» አለ ፋርማሲስቱ፣ ባዶ የሻይ ብርጭቆውን ወንበሩ ሥር እያስቀመጠ። «እነዚህ አልሰሙትም። ሟቹስ ቢሆን ጨዋታ ይወድ አልነበር?»

መምህሩ አቀረቀረ። የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነው። ከየጎረቤቱ የተሰበሰቡት ወንበሮች ሳሎኑን ሞልተው ወደ በረንዳው ተርፈዋል፤ አንዱ ከፀጉር ቤት የመጣ ተሽከርካሪ ወንበር በመሆኑ የተቀመጠበት ሁሉ «እግዜር ያጥናችሁ» እያለ ሳያስበው ወደ ግድግዳው ይዞራል። ሟቹ የመምህሩ ታላቅ ወንድም ነው፤ ልብስ ሰፊ፤ ኩላሊቱን ታሞ ሆስፒታል በገባ በሦስተኛው ሳምንት ያረፈ።

«ተወው እባክህ» አለ መምህሩ።

«ትሕትና ነው!» ፋርማሲስቱ ወደ አዲስ መጪዎቹ ዞረ። «እኔ ልንገራችሁ። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት እሱና ወንድሙ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር በብስክሌት ሄዱ። አሥራ አንድ ቀን! በስድስተኛው ቀን አራት ውሾች ወጡባቸው። ነፍሱን ይማረውና፣ ወንድምየው ብስክሌቱን ወርውሮ ዛፍ ላይ! ይሄ ደግሞ ከብስክሌቱ ቀስ ብሎ ወረደ። ብስክሌቱን በራሱና በውሾቹ መሃል አድርጎ፣ ዓይናቸውን ሳያይ፣ እየገፋ በእግሩ አለፈ። ከዚያ ተመልሶ ወንድሙን ከዛፍ አወረደ። ተሸክሞ!»

ሳሎኑ ሳቀ። የለቅሶ ቤት ሳቅ ነው፤ በአፍንጫ ተጀምሮ በረጅም ትንፋሽ የሚያልቅ። ጥግ ላይ የተቀመጠችው አክስት ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ «ወይ የኔ ፈሪ» አለች፤ በፍቅር ነው ያለችው። መምህሩ ፊቱ ሲግል ተሰማው። ሰዎቹ መቅላቱን አይተው፣ ሐዘኑ በረታበት ብለው ሻይ ጨመሩለት።

የጉዞው ሐሳብ የራሱ ነበር። ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ ካርታ ላይ ጣቱን ሲያስኬድ ወንዝም ተራራም አይመልሰውም። ከመነሳታቸው በፊት ግን ማታ ማታ እንቅልፍ ያጣበትን ሁሉ በደብተር ላይ በተራ ቁጥር ጻፈ። የጭነት መኪና። ውሻ። ዘራፊ። የውሃ ማለቅ። ሰው በሌለበት ጎማ መፈንዳት። ሃያ ሰባት ደረሰ። ወንድሙ ደብተሩን የስፌት መኪናው ላይ ዘርግቶ፣ መርፌ በከንፈሩ እንደያዘ አነበበው።

«ቁጥር ዘጠኝ፤ የመቀመጫ ቁስል» አለ። «ለዚህ እንኳ መድኃኒት አለኝ።» ሁለት አሮጌ ኮቶች ፈታና የትከሻ ስፖንጃቸውን አውጥቶ በብስክሌቶቹ መቀመጫ ላይ ሰፋው። «ሌላውን መንገድ ላይ እናየዋለን።»

መምህሩ ያልጻፈው አንድ ፍርሃት ነበር። በሁለተኛው ቀን ረፋድ፣ አንድ የጭነት መኪና ክርኑን ሊነካው ምንም ሳይቀረው አለፈ፤ ነፋሱ ብቻ ገፍቶ ቦይ ውስጥ ጨመረው። አልተጫረም። ተነስቶ አቧራውን አራገፈ፤ ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና እግሮቹ እምቢ አሉት።

«ወንድም ጋሼ፣ እኔ አልችልም።»

«ምን ችግር አለው? እንመለሳለና!»

«እንዴት እመለሳለሁ? ዳይሬክተሩ ንግግር አድርጎ ነው የሸኘኝ! ተማሪዎቹ ተሰልፈው አጨብጭበውልኛል! ሰው ምን ይለኛል?»

ሃያ ስምንተኛው ይሄ ነበር። ወንድሙ ጭንቅላቱን አከከ። አንድ ሱሪ የማይሆን ጨርቅ ይዞ የመጣ ደንበኛ እንዴት ሳይከፋው እንደሚሸኝ ሲያስብ የሚያክከው አስተካከክ ነው። «እንግዲያው አንተ በአውቶቡስ ሂድ» አለ በመጨረሻ። «ብስክሌትህን ጣራው ላይ ጫነው። እኔ እነዳለሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ እንገናኝ። ማን ያየናል?»

ዘጠኝ ቀን ሙሉ መምህሩ ከከተማ ከተማ በአውቶቡስ ተጓዘ፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ የማረፊያ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ጠበቀ። ወንድሙ ቅንድቡ በአቧራ ነጥቶ ይመጣል። እግሩን ይታጠባል፣ ይበላል፤ ከዚያ ቀኑን ይከፋፈሉታል።

«ዛሬ ምን ገጠመን?» ይላል መምህሩ። ገጠመን!

«ውሻ አለ፣ ጎማ አለ፣ ዝናብ አለ። ውሻውን ውሰድ። ጎማውም ላንተ ይሁን። ዝናቡን ለኔ ተወው፤ ነጎድጓድ ፈርቼ ድልድይ ሥር ያለቀስኩት እኔ ልሁን።»

«አንተ መቼ አለቀስክ?»

«ሁለታችንም ጀግና ከሆንን ማን ያምነናል? አንድ ፈሪ ያስፈልጋል። ውሻው ላይም ዛፍ እንጨምርበት፤ እኔን አውጣኝ።»

«ወንድም ጋሼ፣ ኧረ ይሄስ…»

«ምን ይጎዳኛል? ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ጀግና ነህ ወይ ብሎ አይጠይቀኝም። አንተ ግን ክፍል ትገባለህ።»

እንደዚያ ተከፋፈሉት። መምህሩ ክፍል ገባ። ረጅም መንገድ በብስክሌት ሊሄድ ያሰበ ወጣት ሁሉ ፍርሃቱን ይዞ ወደ እሱ ይመጣ ጀመር፤ «ውሻ ቢያባርረኝስ? ቢመሽብኝስ? ጎማዬ ቢፈነዳስ?» ለሁሉም መልስ ነበረው፤ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መንገድ እንደጠገበ ሰው። መልሱ በሙሉ ወንድሙ እራት ላይ የነገረው ነው።

«አንቺ ደግሞ» አለች አክስት፣ ቴርሞስ ይዛ ለምታልፈው የሟች ልጅ፣ «ያንን የብስክሌት ነገር አሁን ትተይዋለሽ አይደል? ለሚቀጥለው ወር ከሥራ ፈቃድ ጠይቃለች እኮ! ያንኑ መንገድ፣ ብቻዋን! አባትሽ ወንድ ሆኖ፣ ወንድሙ አብሮት እያለ ዛፍ ላይ የወጣ ሰው ነው። አንቺ በማን ወጥተሽ ነው?»

ልጅቷ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። የሰው ውጤት እንደምታነብ፣ ሳታዝንም ሳትቆጣም መለሰች። «እውነትሽን ነው። በሱ ነው የወጣሁት። ፈቃዱን ነገ እሰርዘዋለሁ።» ብርጭቆ ሞላችና ወደሚቀጥለው ሰው ሄደች።

መምህሩ ሆስፒታሉ ትዝ አለው። ሐኪሞቹ አንገቱ ላይ ቱቦ ሊያስገቡለት የመጡ ቀን ወንድሙ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ይዞት ነበር። ልጅቷ ልታደፋፍረው ብላ፣ «አባባ፣ እዚህ ዛፍ የለም፤ የት ልትወጣ ነው?» አለችው። በሽተኛው ነርሷ እስክትቆጣ ሳቀ። እየሳቀ፣ በልጁ ትከሻ ላይ አሻግሮ ታናሹን አየውና በአንድ ዓይኑ ጠቀሰው። ወቀሳ አልነበረበትም። ያኔ መናገር ይችል ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ያለው ግን፣ «ብርቱካኑን የት ላስቀምጠው?» ነው።

ብድግ አለ። «ዛፍ ላይ ማንም አልወጣም!»

ድምፁ ክፍል ውስጥ የሚጮኸው ዓይነት ነበርና ሁሉም ብርጭቆውን እንደያዘ ቀና አለ። የፀጉር ቤቱ ወንበር ላይ የነበረው ሰውዬ ከግድግዳው ዞሮ መጣ።

«ውሾቹን ያለፋቸው እሱ ነው። ጎማውን የቀየረው እሱ ነው። እኔ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። ፈርቼ። ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ ወንድሜን አሳቅሁበት።»

ከዚያ ፋርማሲስቱ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነና ተንሰቀሰቀ።

«አያችሁ? ወንድምነት አያችሁ? የራሱን ክብር አውልቆ ለሟች ሲያለብስ!»

«እውነቴን ነው የምላችሁ!»

«እናውቃለን፣ እናውቃለን» አለ አንዱ፣ እያስቀመጠው። «ሐዘን እንዲህ ያናግራል። ውሃ ስጡት።»

«በአባቴ እምላለሁ፣ አውቶቡስ…»

«ይብቃህ፣ ራስህን አትጉዳ።» አክስት መጥታ ግንባሩን ሳመችው። በማለ ቁጥር ከፍ እያደረጉት ሄዱ፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ከጀግና ወደ ጻድቅ ተዛወረ። የባሰው ደግሞ፣ ሆዱ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ይሄ ነገር ደስ ብሎት ነበር። ተናግሬያለሁ፤ ካላመኑኝ ምን ላድርግ የሚል፣ ትንሽዬ፣ የቆየ ደስታ። አወቀው። አውቶቡሱ መስኮት አጠገብ ሲቀመጥም የተሰማው ይኸው ነበር።

ልጅቷ አላለቀሰችም። ቴርሞሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። «ጋሼ፣ አንዴ ና እስቲ።»

ጓሮ ወሰደችው። የአባቷ ብስክሌት ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ከሥሩ ካለው ሣጥን ጫፋቸው የተቆለመመ ሁለት አጫጭር ብረቶች አንስታ ሰጠችው።

«የኋላውን ጎማ አውልቅልኝ። በጨለማ ሰባት ጊዜ ቀይሬያለሁ ትል የለ?»

ተንበረከከ። ብረቱን በጎማውና በቸርኬው መሃል ሊያስገባ ሞከረ። ጎማው ድንጋይ ነው። በሌላ በኩል ሞከረ፤ በክብደቱ ተጫነው፤ ብረቱ ተንሸራቶ የጣቱን መገጣጠሚያ ላጠው። ደሙን በሱሪው ጠረገና እንደገና ሞከረ። እሷ ከላይ ሆና ታያለች፤ አልቸኮለችም።

«መጀመሪያ አየሩ ይወጣል» አለች ቀስ ብላ።

እጁ ቆመ።

«ሕፃን ልጅ ያውቀዋል፣ ጋሼ።»

«እኔ አላውቅም ነበር» አለ፣ እንደተንበረከከ። «እሱም ይሄን ሳይነግረኝ ቀረ። ያውቃል ብሎ ይሆናል።»

ልጅቷ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከሳሎኑ የፋርማሲስቱ ድምፅ ይሰማል፤ ለሌሎች መጪዎች እየተረከ ነው፤ አሁን ታሪኩ አዲስ መጨረሻ አግኝቷል።

«አሥራ ሁለት ዓመት ሳቅሁበት» አለች። «አንገቱን ሊበሱት ሲሉ እንኳ።»

«እኔ ነኝ ያሳቅሁሽ።»

«አዎ፣ አንተ ነህ።» አላጽናናችውም። ብረቶቹን ከመሬት ሰበሰበችና፣ «ውሾቹን ሲያልፍ ፈርቶ ነበር?» አለችው።

«በጣም። ‹ቀስ ብዬ የሄድኩት ብልሃት አውቄ አይደለም፤ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ነው› ብሎኛል። በማግስቱ ሲነሳ ደግሞ ገና ይፈራ ነበር። ብስክሌቱ ላይ ወጣና ሄደ።»

አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ፈቃዱን አልሰርዝም።»

«አትሰርዢ።»

«አንተ ደግሞ ነገም ትነግራቸዋለህ። ከነገ ወዲያም፤ ለመጣው ሁሉ። ብርቱካን የት ላስቀምጥ የለም። ካላመኑህ እኔን ጥራኝ።»

ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። «እሺ» አለ።

«ና አሁን፣ አወላለቁን እይ።» ወደ ጎማው ጎንበስ አለች፤ የአየር መግቢያዋን ትንሽ ጥቁር ክዳን ፈታ መሬት ላይ ጣለችና በጥፍሯ ጫን አደረገች። አየሩ ፊሽ ብሎ መውጣት ጀመረ።

«ማን ነው እንዲህ አጥብቆ የነፋው?» አለ መምህሩ።

ጥፍሯን አነሳች። ድምፁ ቆመ።

«አባባ» አለች። «ሆስፒታል የገባ ዕለት ጠዋት። ለመንገድሽ ይሁን ብሎ።»

መምህሩ በደረቱ ሊተኛ እስኪደርስ አጎንብሶ ክዳኗን ከጠጠሩ መሃል ፈለጋት። አገኛት። አቧራዋን በከንፈሩ እፍ አለና ቦታዋ ላይ አድርጎ፣ በተላጠው ጣቱ፣ አልዞር እስክትለው ድረስ ቀስ እያደረገ አጠበቃት።