ስኳር የገባበት የእንቁላል ወጥ

"ስኳር? ወጥ ውስጥ?" ሱዓድ ማማሰያውን እንደያዘች ስልኩ ላይ ጮኸች።

"ስኳር አይደለም ኡሚ፣ ጣፋጭ ሶይ ሶስ ነው። ጥቁሩ ጠርሙስ።" ልጇ አንዋር ኤርፖርት ተሳፋሪ አድርሶ እየተመለሰ ነበር። "ሽንኩርቱን ጠበስ አድርጊ፣ የተቀቀለውን እንቁላል ጨምሪ፣ ሶሱን አፍስሺበት፣ ኦኬ? አስር ደቂቃ አይፈጅም።"

"በአስር ደቂቃ የሚደርስ ወጥ ደግሞ ምን ወጥ ነው!"

"እባክሽ ኡሚ፣ እንዳልኩሽ ስሪው። ለሊያና እናቷ የምትሰራላት እንደዚህ ነው።"

ዘጋችበት።

ማሌዢያዊቷ ምራቷ ሊያና ነፍሰ ጡር ናት። ከፀነሰች ወዲህ ምግብ አይረጋላትም፤ ሆዷ ሲገፋ ጉንጯ ይጎድላል። ሱዓድ በስደት በሚኖሩበት ፌርፋክስ ከምትሠራበት የባልትና ሱቅ ስትወጣ አንድ ነገር ሳትሰራላት አታድርም፤ አጥሚት፣ ገንፎ፣ ሾርባ። ልጅቱ ፈገግ ብላ ትቀበላለች፣ ከዚያ ሩጫ ወደ መታጠቢያ ቤት ነው። ሱዓድን እንቅልፍ የነሳት ግን ሌላ ነው። ሊያና ከእናቷ ጋር በስልክ ስታወራ ስታለቅስ አይታታለች። ቋንቋውን ባትሰማም ለቅሶ አስተርጓሚ አይፈልግም። ይህቺ ልጅ አገሯ ገብታ ብትቀርስ? የልጅ ልጄን በስልክ ነው የማየው? ስለዚህ ዛሬ የእናቷን ወጥ ሰርታ ልታስቀራት ቆርጣለች።

ብትቆርጥም እጇ እሺ አላላትም። ሽንኩርት ጠበስ ተደርጎ እንዴት ይተዋል? እስኪጠቁር አቁላላችው። ሶሱን በጣቷ ቀመሰችና ፊቷ ተኮማተረ። ያ ረቢ፣ ማር ነው እንዴ! ከታዘዘችው ግማሹን ብቻ ጨመረች። እንቁላሎቹን እንደ ዶሮ ወጥ እንቁላል በቢላ ጫር ጫር አድርጋ ከተተች። አሁንም ቀመሰች፣ አሁንም ግራ ገባት፤ ወጥ አይሉት፣ ጣፋጭ አይሉት። "ትንሽ ነፍስ ይዝራ እንግዲህ" ብላ በርበሬ ነሰነሰችበት። ትንሽ ያለችው እሷ ናት።

ሊያና ወጡ ከሩዝ ጋር ሲቀርብላት ዓይኗ በራ። "ቢስሚላህ" ብላ ቀመሰች። ፊቷ ቅጭም አለና ተመልሶ ፈካ። ሱዓድ የቱን ትመን?

"ጥሩ ነው?"

"ጥሩ፣ ኡሚ።" ሊያና የምታውቃት አማርኛ ጥቂት ናት።

"እንግዲያ ከእጄ!" ሱዓድ አጎረሰቻት። "አንድ ያጣላል!" ደገመቻት። "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!"

ሊያና አፏን በእጇ አፍና ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠች።

አንዋር ሲገባ እናቱን ወጥ ቤቱ መሀል ተገትራ አገኛት።

"ምን አጠፋሁ? በርበሬው በዛ? ሶሱ አነሰ? ወላሂ ግራ ገባኝ!"

አንዋር ቀመሰና ሳቁን ዋጠ። ከዚያ አንገቱን ደፋ። "ወጡ አይደለም ኡሚ። ሊያና እናቷ ጋ ሄዳ መውለድ ትፈልጋለች። ላንቺ መንገር ፈርታ ነው።"

"ምን አደረግኳት? እንደ ልጄ አይደል የያዝኳት?"

"እሱ እኮ ነው ያስፈራት። ትቀየመኛለች ብላ።"

ሱዓድ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ተናደደች፣ አፈረች፣ የቱ እንደሚቀድም አላወቀችም።

"ሐኪሟ እዚህ፣ እኔ እዚህ! ደግሞ የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ እንዴት..."

የመጀመሪያ ልጅ! እሷስ አንዋርን የት ነበር የወለደችው? አማቷ እያኮረፉ፣ ሆዷን ይዛ በአውቶቡስ ደሴ እናቷ ቤት ገብታ አይደል? የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው፤ ይህን የማያውቅ ማን አለ? ምራት ከባሕር ማዶ ስትመጣ ወጉ ይሻራል ያለው ማን ነው? ማንም አላለም። እሷ ናት ልብ ያላለችው።

"አውሮፕላን እስከ ስንት ወር ይፈቅዱላታል?" አለች።

"ገና ጊዜ አላት።"

"እንግዲያ ትኬቷን ቁረጥላት።"

አንዋር ጆሮውን አላመነም። እንዳትለወጥበት ፈጠን ብሎ ስልኩን አወጣ። "መመለሻዋንስ ለመቼ ልበል? አርባዋ ሲወጣ?"

ሱዓድ አዎ ልትል አፏን ከፈተች። አርባው ቀን ራሱ እንዴት እንደሚገፋ እንጃ።

"ክፍት ተወው" አለች። "እናቷ ትወስን።"