እልል ብላችሁ ግቡ

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ምንጣፉ ለሁላችንም ይበቃል። ስልካችሁን ለጊዜው ወዲያ አድርጉትና ታከር ሰፈር የምትኖረው ነዚፋ ሳቫና የሄደች ለት የሆነውን ላውጋችሁ።

ነዚፋና ነሲባ ወሎ ውስጥ ከአንድ ገበታ በልተው ያደጉ ናቸው። ነሲባም ድሮ ቤቷ እዚሁ ቻምብሊ ነበር። ባሏ ጀዕፈር ከሳቫና ወደብ በከባድ መኪና ኮንቴይነር ማመላለስ ሲጀምር ግን ተከትላው ሄደች። ሳቫና ባሕሩ ጥግ ያለች የጥንት ከተማ ናት፤ ታምራለች፤ ግን ያገር ሰው የሌለበት ውበት ምን ያደርጋል? ነሲባ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ሳለች ጀዕፈር ለነዚፋ ባል ለጣሪቅ ደወለ።

«ቅዳሜ ሎድ ይዤ ልወጣ ነው። ብቻዋን ናት። ሳትነግሯት ብትመጡ ሰርፕራይዝ ታደርጓታላችሁ» አለው።

ቅዳሜ ሱብሒ ሰግደው ተነሡ። ጣሪቅ መሪውን ያዘ፤ ነዚፋ ጥቁር አባያዋን ለብሳ አጠገቡ ተቀመጠች። ከኋላ ልጃቸው ዓሊያ፣ ያቺ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ዲኬተር ከተማ ቢሮ የምትሠራው። ከጎኗ የጣሪቅ አባት ሸህ አብዱልወሀብ፣ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ መቁጠሪያ ሙስባሃቸውን በእጃቸው ይዘው። በሁለቱ መሀል ዶሮ ወጥ የሞላበት ትልቅ ድስት።

ሜከን ከተማን አልፈው ጥድ ብቻ ያለበት መንገድ ውስጥ ሲገቡ ሸሁ ብቻቸውን ሳቁ።

«ምን አሳቀዎት አባባ?» አለች ነዚፋ።

«ራሳችንን አይቼ ነው ልጄ። በጠዋት፣ ሳንናገር፣ ሽማግሌ ጭነን፣ ድስት ይዘን፤ አንቺ ደግሞ ጥቁር ለብሰሽ። ልክ መርዶ ነጋሪ!»

ጣሪቅም አብሮ ሳቀ። ነዚፋ ግን ጎንበስ ብላ አባያዋን አየች።

መቼም ታውቁታላችሁ፣ እኛ ዘንድ የሞት ወሬ በስልክ አይነገርም። ሰው ተጠራርቶ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ በማለዳ ድምፁን አጥፍቶ ሄዶ ነው በር የሚያንኳኳው። የነሲባ እናት ደግሞ በዚያ ሰሞን ደሴ ሆስፒታል ተኝተዋል። ሌላም አለ። ከሦስት ዓመት በፊት የነሲባ ወንድም ሲያርፍ ቻምብሊ ሄዳ በሯን ያንኳኳችው ነዚፋ ራሷ ነበረች። ነሲባ ገና እሷን ስታይ፣ አንድ ቃል ሳይነገራት ደጃፉ ላይ ወደቀች። ያኔም ነፍሰ ጡር ነበረች። ያ ጽንስ አልበረከተም።

«ጣሪቅ፣ አቁም!»

«ሃይዌይ ላይ የት አባቴ ልቁም?»

«እኔን በር ላይ ስታየኝ ትወድቃለች! ያ አላህ፣ ምን ነክቶን ነው?»

«እማ፣ ሪላክስ አድርጊ» አለች ዓሊያ። «ኮል አድርጊና እየመጣን ነው በያት። ዛትስ ኢት።»

ነዚፋ ደወለች። ሁለቴ እንደጠራ ግን ልቧ ከዳትና ዘጋችው። «እናቷ ታማባት በማለዳ ስልክ ሲጮህ ምን ይመስላታል? ከመምጣቱም ይብሳል!»

«ኦኬ፣ ቴክስት ላድርግላት?»

«አድርጊላት። እየመጣን ነው፣ ሁሉም ሰላም ነው፣ አይዞሽ፣ እንዳትደነግጪ ብለሽ ጻፊላት።»

ዓሊያ ጽፋ ላከች። ሸሁ ሙስባሃቸውን መቁጠር አቆሙ።

«እንዳትደነግጪ አላችኋት?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እንግዲህ እኔ በዕድሜዬ ብዙ መርዶ ተናግሬአለሁ። ሁሉንም የጀመርኩት በዚሁ ቃል ነው።»

ነዚፋ መልእክቱን ልታጠፋ ስልኩን ከዓሊያ ነጥቃ ብትነካካ ኔትወርክ የለም። ጥዱ ግራና ቀኝ ይሮጣል፤ መንገዱ አያልቅም። ነሲባ አሁን ምን እያደረገች ይሆን? ቆማ ይሆን ተቀምጣ? ደግሞ ደረጃ አለባት፤ ያ የድሮ ቤት ደረጃው ቀጥ ያለ ነው ብላት ነበር። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ስትወርድ ትታያትና ዓይኗን ትጨፍናለች። ስትጨፍን ይብስባታል።

ኔትወርኩ ሲመለስ ስልኩ ተንጫጫ። ነሲባ ደጋግማ ደውላ ኖሯል። ነዚፋ መልሳ ደወለች። አይነሳም። ጀዕፈር ጋ ደወለች። ዝግ ነው።

«ፍጠን እስቲ!»

«ቲኬት ይሰጡኛል ነዚፋ!»

«ይስጡሃ!»

ከተማው ሲገቡ መንገዱ በድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ መኪናው ይንገጫገጫል። የጡብ ቤቶቹ ከእነ ብረት አጥራቸው ቆመዋል። ትልልቆቹ ዛፎች ሽበት የመሰለ ግራጫ ሐረግ ከየቅርንጫፋቸው አንጠልጥለዋል። ዓሊያ ፎቶ ልታነሣ ስልኳን አወጣችና የእናቷን ፊት አይታ መለሰችው።

«እዚህ አገር ዛፉም ለለቅሶ የተቀመጠ ሽማግሌ ይመስላል» አሉ ሸሁ። ወዲያው ቆጫቸው። «አፌን በቆረጠው።»

ጣሪቅ በሰፈሩ መግቢያ ዳር ይዞ ፓርክ አደረገ። ነዚፋ እንባዋ መጣ። «እኔ እዚህ ልቅር። ዓሊያ ትሂድላት።»

«እኔን ብቻዬን ካየች እማ ሞተች ብላ ነው የምታስበው» አለች ዓሊያ።

ሸሁ ድስቱ ላይ እጃቸውን ጣል አድርገው ቆዩና፣ «ለመሆኑ መርዶ ነጋሪ እየጮኸ ሲመጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አሉ።

«ኧረ በፍጹም» አለ ጣሪቅ።

«እንግዲያውስ እንጩህ! ክላክሱን አድርገው። እንደ ሙሽራ አጃቢ!»

«አባባ፣ እንዲህ ጸጥ ባለ ሰፈር? ኮምፕሌይን ያደርጉብናል!»

«ያድርጉብና! ነዚፋ፣ መስኮቱን ክፈችና እልል በይ። አንቺም ዓሊያ።»

«አባባ፣ እኔ አልችልበትም እኮ!»

«ምላስሽን አወዛውዢው፣ የቀረውን እሱ ያውቀዋል!»

ጣሪቅ መኪናውን አስነሥቶ ክላክሱን ያዘ። ጲጵ፣ ጲጵ፣ ጲጲጵ! ሸሁ የድስቱን ክዳን አንሥተው እንደ ድቤ ይደልቁት ጀመር፤ መንዙማውንም አወረዱት። ነዚፋ ወገቧ ድረስ ከመስኮቱ ወጥታ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ግማሹ እልልታ ግማሹ ልቅሶ ነው። ዓሊያ የእግር ኳስ ጎል የገባ ይመስል ትጮኻለች። ውሻ የምታንሸራሽር አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ቆመው አዩአቸው፤ ሰርግ መስሏቸው መሰለኝ በሁለት እጃቸው አጨበጨቡላቸው።

ነሲባ ከበሯ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነበር። አንድ እግሯ ጫማ የለውም። በአንድ እጇ የብረቱን ድጋፍ፣ በአንድ እጇ ሆዷን ይዛለች። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ድምፁን ስትሰማ ቀና አለች። መጀመሪያ አልገባትም። ሸሁ ክዳን ሲደልቁ አየች፤ ዓሊያን ሰማች።

«እማዬ ደህና ናት?» አለች፤ ድምፅዋ በጫጫታው ባይሰማም ነዚፋ ከከንፈሯ አነበበችው።

«ደህና ናት! ወላሂ ደህና ናት! ልንጠይቅሽ ነው የመጣን! ልንጠይቅሽ ብቻ!» ነዚፋ መኪናው በቅጡ ሳይቆም ወርዳ ሮጠች።

ነሲባ የቀረችውን ጫማ አውልቃ ትከሻዋን አቀመሰቻት። «ገዳይ! ወደ ደሴ ብደውል ስልኩ አልሠራ ብሎኝ! አንቺን ቆሜ አይቼ ከምወድቅ ብዬ ስልኩን ውስጥ ትቼ እዚህ ተቀምጬ... ሰው እንዳትደነግጪ ብሎ ይጽፋል?»

«ምቺኝ፣ የኔ እናት። ድገሚኝ።»

አልደገመችም። አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ቆይታ የነዚፋን እጅ ሳበችና ሆዷ ላይ አደረገችው። «ከደወልሽ ጀምሮ ዝም ብሎኝ ነበር» አለች በሹክሹክታ።

ሸሁ ክዳኑን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆሙ። ነዚፋ እጇን አላነሳችም። ትንሽ ቆየ። ትንሽ ጨምሮ ቆየ። ከዚያ ከውስጥ አንዲት ተረከዝ መዳፏን ጎሸም አደረገቻት።

«አባባ፣ ይድለቁ እስቲ!» አለች ነዚፋ።

ይኸው ነው ልጆቼ። ዘመድ ጥየቃ በሄዳችሁ ቁጥር፣ ያ ከአገሩ ርቆ ያለ ሰው በሩ ሲንኳኳ ምን እንደሚፈራ አትርሱ። ደስታችሁ ከእግራችሁ ቀድሞ ይድረስለት፤ ከመንገዱ ጫፍ ጀምራችሁ እልል ብላችሁ ግቡ። ይቺን ብቻ አስታውሱልኝ።