የሾፌሩ ግራ እግር
ሾፌሩ የሠራተኛ አውቶቡሱን ባዶውን ጊቢ ውስጥ እያዞረ ሁለተኛ ማርሽ ሊያስገባ ሲል ካምቢዮው ተንቋቋ። አጠገቡ የተቀመጠው መካኒክ፣ የሚስቱ ወንድም፣ ፊቱን አጨማደደ።

«አማቼ፣ ጥርሴ ጠረሰ እኮ! ፍሪሲዮኑን በግማሽ ስትረግጠው ሞተሩ ካምቢዮውን አይለቀውም፤ ማርሾቹ ይፋጫሉ። እስከ ታች ርገጠው!»

«ረግጫለሁ። ምንጣፉ ነው የያዘው።»

ሾፌሩ እግሩ መድከሙ ከታወቀ አለቆቹ ከመሪው እንደሚያወርዱት ያውቃል። መካኒኩ ምንጣፉን ስቦ ወደ ኋላ ወረወረው። ሾፌሩ ጥርሱን ነክሶ ረገጠ፤ ማርሹ እንደገና ጮኸ።

ቦታ ተቀያየሩ። መካኒኩ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጦ ማርሹን ያለ አንዳች ድምፅ አስገባው።

«ጉልበትህን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምህ?» አለው ቀስ ብሎ።

«ለእህትህ እንዳትነግራት» አለ ሾፌሩ። መሪውን ግን መልስልኝ አላለም።