ከሰሙ በፊት

ሎርና ፀጉር የሚነቅለውን ትኩስ ሰም በእንጨት ማንኪያ አንስታ ወደ አርሊን ቅንድብ ካስጠጋች በኋላ እጇን አየር ላይ አቆመችው።

"ቆይ እስኪ፣ ፊትሽን ምንድን ነው የምትቀቢው?" አለቻት።

ወንበሩ ላይ የተንጋለለችው አርሊን ዓይኗን ገለጠች። ይሄ ጥያቄ ደግሞ ከየት መጣ? ትናንትም ይቺው ሎርና ከጆሮዋ ኋላ ትንሽ የቅንድብ ቀለም ነካ አድርጋ፣ ቆዳሽ ይቀበለው እንደሆነ ነገ እናያለን ብላ መልሳታለች። የጃሮ ሰፈር የውበት ሳሎኖች አመል ደግሞ የታወቀ ነው፤ ለቅንድብ የገባች ሴት ያላሰበችውን ሁሉ አስደርጋ ትወጣለች። ከመስታወቱ ሥር የተደረደሩት ክሬሞች የሎርና የራሷ ሸቀጦች ናቸው። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር፤ አርሊን ደግሞ ጠርጣራ ሆና ነው የተፈጠረችው።

መልስ ሳትሰጥ ከጎኗ የተቀመጡት እማማ ፑሪንግ ቀደሟት። "የኔን ቅባት ነዋ። ሌላ ምን ትቀባለች?"

እማማ ፑሪንግ የፊታችን ቅዳሜ አማቷ ይሆናሉ። የፓፓያ ቅባት የሚሉትን ነገር በትንንሽ ብልቃጥ እየሞሉ ለሰፈሩ ሴት ሁሉ ይሸጣሉ፤ ልጃቸው ሮዴል ለአርሊን ቀለበት ካሰረላት ወዲህ ደግሞ የቅባቱ ማስታወቂያ የእሷ ፊት ሆኗል። ገበያ መሀል ይሁን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ አገጯን በሁለት ጣት ይይዙና ጉንጯን ወደ ሰው ያዞሩታል። እሷም ትዞራለች። ምን ታድርግ? ከሠርጉ በኋላ የምትኖረው እሳቸው ቤት ነው። ሮዴልም የለመናት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእናቴ ጋር አትጋጪብኝ ብሏታል።

መጀመሪያ ቅባቱ ፊቷን እንደ ሽንኩርት ሲልጣት ደንግጣ ነበር። እማማ ፑሪንግ ግን መላጡ መሥራቱ ነው አሏት። ሰፈሩም የሚያምነው እንደዚያው ነው፤ ቆዳዋ ያልተላጠ ሴት የተታለለች ይመስላታል።

ሎርና ማንኪያውን መለሰችና በጣቷ ጀርባ የአርሊንን ግንባር ዳበስ አደረገች።

"እማማ፣ ይሄ ፓፓያ ብቻ የላጠው ቆዳ አይመስለኝም" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "የሚልጥ መድኃኒት ካለበት ሰሙ ፀጉሩን ብቻ አይነቅልም፤ ቆዳውንም ይዞት ይነሳል። ባለፈው አንዷ ደብቃኝ ቅንድቧ ሥር ቆሰለች።"

"መድኃኒት የሚባል አልነካውም። ፓፓያና ሎሚ ነው" አሉ እማማ ፑሪንግ። "ነገሩስ ገብቶኛል። የኔ ገበያ ደርቶ የአንቺ ክሬም አቧራ ጠጣ።"

ከወደ ኋላ ሳቅ ተሰማ። ፀጉራቸውን ቀለም ተቀብተው በፌስታል የተጠቀለሉት እማማ ሶሌ ናቸው፤ ቅዳሜ የአርሊንና የሮዴል ጋብቻ እማኝ ሆነው የሚቆሙት። አርሊንም በልቧ ለእማማ ፑሪንግ ፈረደች። ተፎካካሪ የተፎካካሪውን ዕቃ መቼ አመስግኖ ያውቃል? ቢሆንም ቅዳሜ መቅደስ ፊት ቅንድቧ ቆስሎ፣ ያ ሁሉ ዘመድ ሲያያት ታያት።

ሎርና አልተከራከረችም። ሰሙን እንደገና አነሳችና ወደ እማማ ፑሪንግ ዞረች።

"እሺ፣ እንግዲያው እርስዎ ይቅደሙ። ከንፈርዎ ላይ ያለውን ፀጉር ለማስነቀል መጥተው የለ? ሙሽሪትም አይታ ትረጋጋለች።"

እማማ ፑሪንግ ከነወንበራቸው ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

"ለኔ በወረንጦ ይሁን።"

"ሁልጊዜ በሰም አይደለም እንዴ የሚወዱት?"

"ዛሬ በወረንጦ አልኩሽ። አርጅቻለሁ፣ ሰም አልችልም።"

አርሊን በመስታወቱ ውስጥ አየቻቸው። ጉንጫቸው እንደሷው ቀላ ብሎ ያብለጨልጫል፤ በአፍንጫቸው ክንፍ ዙሪያ ስስ ቅርፊት ተነስቷል። እሳቸውም ይቀቡታል ማለት ነው። ውስጡ ምን እንዳለም ያውቃሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው! እስካሁን ሎርናን ስትጠረጥር የቆየችው በከንቱ ነው። አዘነች፤ ቀጥሎም ተናደደች። ብልቃጣቸው እማማ ሶሌ ፊት እንዳይዋረድ ብለው የሷ ፊት ቢገፈፍ ግድ የላቸውም።

"አንቺስ የኔ እህት? ሰም ነው ወይስ ወረንጦ?" አለቻት ሎርና።

"ለሷ ሰሙን አድርጊላት" አሉ እማማ ፑሪንግ ወደ መንገዱ እያዩ። "ወረንጦ ስንት ሰዓት ሊያቆየን ነው?"

"እኔም እንደ እማማ" አለች አርሊን። "በወረንጦ።"

ሎርና ወረንጦዋን በአልኮል ጠርጋ ጎንበስ አለችና አንድ በአንድ ትነቅል ጀመር። ያማል። አርሊን እንባዋ በጆሮዋ በኩል ቢወርድም ልቧ ረጋ። ማንንም ሳታሳፍር አምልጣለች፤ ቅዳሜ በሰላም ይመጣል፣ ሮዴልም ምንም አይሰማም።

አንዱ ቅንድብ እንዳለቀ እማማ ሶሌ ከኋላ ተጣሩ። ፀጉራቸው ሲታጠብ ቅንድባቸውን በሰም እንድታደርግላቸው ለሎርና ነገሯት፤ በወረንጦ መነቀል አይሆንላቸውም።

"እርስዎስ ከዚያ ቅባት ይቀባሉ?" አለች ሎርና ቀና ብላ።

"ብልቃጡን ጨርሼ ሌላ ላዝ ነው። ፓፓያ ነው ተብሏል እኮ፣ አይደለም እንዴ ፑሪንግ?"

"ምን ጥርጥር አለው? ይልቅ ይቺን ልጅ እይልኝ" አሉ እማማ ፑሪንግ፤ ሁለት ጣታቸውም እንደ ልማዱ ወደ አርሊን አገጭ መጣ።

አርሊን እጃቸውን አገጯ ጋ ሳይደርስ ተቀበለችው። ታናሽ ለታላቁ እንደሚያደርገው ግንባሯን በእጃቸው ጀርባ ነካች፤ ከዚያም ቀስ ብላ ጉልበታቸው ላይ መልሳ አስቀመጠችላቸው።

"እማማ ሶሌ፣ ለእርስዎም በወረንጦ ይሁንልዎት" አለች። "እማማ ፑሪንግ ለራሳቸው ሰም እምቢ ያሉት በቅባቱ ምክንያት ነው።"

ሎርና ክዳኑን አንስታ የሰሙን ድስት ከደነችው። እማማ ፑሪንግ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ነበር፤ አርሊን ግን ዞር ብላ አላየቻቸውም። በአንድ በኩል ብቻ የተቀነደበ ፊቷን ይዛ ተመልሳ ተንጋለለች።

"ቀጥይ፣ እትዬ ሎርና" አለች። "አንዱ ይቀራል።"