የአጎቷ ሙጫ

የሙዚየሙ ሠራተኞች እሜቴ የሚሏት፣ ድንጋይ ሆና የቀረች የጥንት ዝንጀሮ ራስ ቅል ናት። የምትጠብቃት ደግሞ በጥገና ክፍል የምትሠራ፣ ሁሉም ጠጋኟ የሚላት ሴት ነች። አንድ ጠዋት ጠጋኟ መሳቢያውን ስትከፍት ከእሜቴ ሥር እንደ ዱቄት የነጣ ብናኝ አገኘች።

ነገሩ ቀድሞም ያስፈራት ነበር። እሜቴን ከአርባ ዓመት በፊት ከስብርባሪ የገጣጠሟት፣ ለእሷም ሙያውን ያስተማሯት አጎቷ ናቸው። የያኔው ሙጫ አሁን አርጅቶ ተኮማትሯል፤ ሲኮማተር የአጥንቱን ገጽ እየላጠ ይነሳል። ሙጫው ካልወጣ እሜቴ ትፈርሳለች፤ ሲወጣም ልትፈርስ ትችላለች። ወዲህ ቢሉ ገደል፣ ወዲያ ቢሉ ገደል።

በአሸዋ ትራስ ላይ አስተኝታት፣ የሙጫ መፍቻ ፈሳሽ የነካ ጥጥ ከመንጋጋዋ ሥር እንደ ሸጎጠች በሩ ተከፈተ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ብቅ ብለው የማያውቁት አጎቷ ነበሩ።

«ታማለች አሉ፤ ልጠይቃት መጣሁ» አሉ እየሳቁ።

«ማን ነገረዎት፣ ጋሼ?»

«ዘበኛው ነዋ። ወሬ ክንፍ እንዳለው አታውቂም?»

መነጽራቸውን አጥልቀው ጎንበስ አሉ። ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፋ።

«ምን ነክቷት ነው?»

«እርጥበት ይመስለኛል» አለች፣ ቀና ብላ ሳታያቸው።

«እርጥበት ቢጫ ቅርፊት አያወጣም። የኔ ሙጫ ነው አይደል?»

«ያኔ ከእሱ የተሻለ አልነበረም እኮ፣ ጋሼ።»

«ነው ወይስ አይደለም ነው ያልኩሽ።»

«ነው።»

ይህን እንዳለች «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰሙ። ሙጫው ካሰበችው በላይ ፈጥኖ ለቋል፤ መንጋጋው ሊወርድ ነው። በግራ እጇ ደገፈችው፤ በቀኟ አዲሱን ቀጭን ሙጫ የያዘውን መርፌ አነሳች። ጉንጩ ግን በሌላ በኩል ከፈት ማለት ጀመረ።

«ጋሼ፣ ጉንጯን ይያዙልኝ!»

አጎቷ ወደ ኋላ አሉ። «በዚህ እጄ? ያጠፋሁት አይበቃም?»

«ወቀሳው ይደርሳል! እባክዎ፣ ከእጄ ልትወጣ ነው!»

ያዙ። አያያዛቸው እንደ ድሮው ነው፤ ሳይጫኑ፣ ሳያላሉ። እሷ ስንጥቁ ላይ ጠብ ታደርጋለች፤ አጥንቱ ይመጥጠዋል። እንደገና ጠብ። ላብ ዓይኗ ውስጥ ገባ፤ የምትጠርግበት እጅ የላትም። በመሃል አንድ የፊት ጥርስ ተነቅሎ ትራሱ ላይ ወደቀና አመድ ሆነ።

«ሄደ» አሉ አጎቷ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ።

«እሱን ይተዉት። ጉንጯን እንዳይለቁ።»

ሙጫው እስኪይዝ ሁለቱም እንደደገፏት ቆሙ። ቆይታ ስንጥቁን በብሩሽ ጫፍ ነካ አደረገችው። አልተንቀሳቀሰም።

«ያንቺስ ሙጫ ነገ እንዲህ አያደርጋት ይሆን?» አሉ።

«እንጃ፣ ጋሼ። ሲፈቱት ግን እንደ እርስዎ ግትር አይደለም።»

ፈገግ አሉ፤ እጃቸውን ግን አላነሱም። ደርቋል ብትላቸው አላመኗትም። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ያላቀቀቻቸው እሷው ነች።